ላልሞተ ሰው የተጠራ ቅሬ

ኑርሁሴን ሲጮህ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ሻጭም ገዢም የሽንኩርት ዋጋ ይረሳል ይሉ ነበር። ውሸት ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ በምንም አይረሳም። ድምፁ ግን እውነትም ድምፅ ነበር። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግዶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ይዞ ይወጣል። ከመስጊዱ በታች ካለችው ጉብታ ላይ ቆሞ «ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላል። ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። ያን ጊዜ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከሰፈሩ ተነሥቶ ይሄዳል።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የወሎ ሰው ስለ ቅሬው ሲያወራ ግን ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስላል። በዚያ ሰፈር ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም ቅሬው አንድ ነው። ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚሸከመው፣ በቁሙም እሳት የሚጭርበት ደጅ የለውም። ሀብታምም ቢሆን ይህን ስለሚያውቅ ቅሬ ሲጠራ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይወጣል።

ኑርሁሴን እንጀራው ሌላ ነው። የተቀደደ ማዳበሪያ እየሰበሰበ፣ በወስፌ እየሰፋ ይሸጣል። ጠሪነቱን ከወጣትነቱ ጀምሮ የያዘው በድምፁ ነው፤ ክብር እንጂ ገቢ የለውም። ክብሩም ቢሆን ዋጋ አስከፍሎታል። ሚስቱ መዲና ስትሞት ከሱ ሌላ ጠሪ አልነበረም። ዓይኗን ከድኖ፣ እጇን ከእጁ አላቅቆ ወጣ። ላይ ሰፈር ጠራ፣ ታች ሰፈር ጠራ፣ ስሟን በየአጥሩ ጮኸ። ሲመለስ ሴቶቹ አጥበው ከፍነዋታል። ግንባሯን ቢዳስሰው ቀዝቅዟል። ይህን ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያወራው፤ ያም ሰው ማረው ነው።

ማረው ባለ ወፍጮ ነው። ጴንጤ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ ድምፁ ቀጭንና ለስላሳ ነው። ኑርሁሴን ማዳበሪያውን የሚሰፋው በዚያ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ስለነበር ሁለቱ ዓመታቸውን የጨረሱት በመነካከፍ ነው። ማረው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ብቅ ሲል፣ «ያረቢ፣ የማን ጀናዛ ነው ከነከፈኑ የሚሄደው?» ይለዋል ኑርሁሴን። ማረውም «አንተ አልጠራኸኝ፣ እንዴት እሞታለሁ?» ይላል። እንዲህ እየተባባሉ አረጁ።

አንድ የቅሬው ሕግ እዚህ ላይ መነገር አለበት። ከኑርሁሴን በፊት የነበረው ጠሪ አንድ ጊዜ ተሳስቶ ነበር። በሰፈሩ አግማስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሲሞት ጠሪው የሌላውን አግማስ ስም ከነአባቱ ጠራ። ይሄኛው አግማስ እንቅልፋም ነው፤ የሰማው «ቅሬ ውጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ቅጣት ፈርቶ ዶማውን ተሸክሞ ከተፍ አለና፣ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ። «አንተ» አሉት። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ዕድሜ አላገኘም፤ ወሬው ቦሩ ሜዳ ድረስ ሄዶ፣ የአግማስ እናት ልጄ ሞተ ብለው በወደቁበት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የቅሬው ሽማግሌዎች ደነገጉ፦ በሕይወት ያለ ሰው ስም በቅሬ አይጠራም። የጠራ፣ ተሳስቶም ይሁን አውቆ፣ ዳግመኛ ለቅሬ አይጮህም። ኑርሁሴን ይህን ሕግ በየስግደቱ ከሚቀራው ፋቲሃ ቀጥሎ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ያ ጦርነት መጣ። ከተማዋ ተያዘች። መብራት ጠፋ፤ ወፍጮዎች ሁሉ ዝም አሉ። ማረው አንድ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ ወልውሎ አስነሣው። ጎረቤቱ እህሉን እየተሸከመ መጣ። ያለው ከፈለ፣ የሌለው ዱቄቱን ተሸክሞ ሄደ። የታጠቁትም እህል ይዘው መጡ። ጠመንጃ የያዘ ሰው «ትፈጭልኛለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጆንያውን ከፊትህ ያስቀምጣል። ማረው ፈጨላቸው። ኑርሁሴን ደጃፍ ተቀምጦ ይህን ሁሉ አይቷል።

የታጠቁት ወጡ፤ ከተማዋ ተመለሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? በዚያ ሰሞን ጯኺው በዛ። ትናንት ከአልጋ ሥር የነበረው ሁሉ ዛሬ ጎረቤቱን መርማሪ ሆነ። ማን ለማን ውኃ ሰጠ፣ ማን ፈገግ አለ፣ የማን አያት ከየት መጡ። አብረው የበሉ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ጀላል የሚባል የቅሬው ሰው ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ ነው የቀረለት። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሆዱ አርሮ፣ «እኛ ስንዘረፍ ማረው እንኳ ይፈጭላቸው ነበር» አለ። ክፋት አስቦ አልነበረም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከአጠገቡ የተቀመጠው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። በሳምንቱ ማረው ከነዱቄቱ ተይዞ ወደ ኮምቦልቻ ተወሰደ። እዚያ አንድ አሮጌ መጋዘን ማቆያ ሆኖ ነበር። ክስ የለ፣ ዳኛ የለ፣ የሚጠየቅ የለ።

ሚስቱ አስናቀች በየቀኑ ምሳ ይዛ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለች። አንድ ቀን ምግቡን እንደያዘች ተመለሰች። ኑርሁሴን በተዘጋው ወፍጮ ቤት ደጃፍ እንደ ልማዱ ማዳበሪያውን እየሰፋ ነበር።

«ምነው አስኑ፣ አልበላም?» አላት።

«አልተቀበሉኝም ጋሼ። ከእንግዲህ ምሳ አታምጪ አሉኝ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነማ ማን ይነግረኛል? ነገ ማታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሯቸዋል ሲሉ ሰማሁ። ከነሱ በፊት የሄዱት የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።» አላለቀሰችም። የምግቡን ዕቃ እንደታቀፈች ቆመች። ኑርሁሴን ወስፌውን ማዳበሪያው ላይ ሰክቶ ተነሣ።

ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሐጂ አብዱልወሀብ ሄደ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥንቃቄያቸው ግን ከደግነታቸው ይቀድማል። በዚያ ላይ ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ሠርግ ቀርቷል፣ ሰደቃ ቀርቷል። ያልተከለከለ ቀብር ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ ቅሬው ወርዶ ዋስ ይሁን። ማረውን እናውቀዋለን» አለ ኑርሁሴን።

«እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሽማግሌ ሰብስቤ ባወርድ ሁላችንንም እዚያው ያስገቡናል። ልጅ የቀበረ አለ፣ ቤቱ የተዘረፈ አለ፤ ሁሉ ይወርዳል ብለህ ነው? ታገሥ ኑርሁሴን። ዝም አይነቅዝም።»

ኑርሁሴን እየተናደደ ቤቱ ገባ። የተናደደው በሐጂ አይደለም፤ ሐጂ እውነታቸውን ስለነበረ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሳሊሃ መደቡ ላይ ጋደም ብለው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ጆሯቸውና አፋቸው ግን ደህና ናቸው። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

«ዝም አይነቅዝም አለ አብዱልወሀብ?» አሉ። «እውነት ነው፤ ዝም አይነቅዝም። የታሰረ ሰው ግን ይነቅዛል።»

«ምን ላድርግ እማዬ? ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። ለቀብር ካልሆነ ማንም አይወጣም።»

«እንግዲያ ጥራቸዋ።»

«ሰው ሳይሞት? በሕይወት ያለ ሰው ስም?»

እናቱ ሙስበሃውን አስቀመጡት። «መዲና ስትሞት ሬሳዋን አልጋ ላይ ትተህ የወጣኸው ለማን ብለህ ነው? ለቅሬው ሰው። ከነዚያ አንዱ ማረው ነበር። ዶማ ይዞ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። አሁን እሱን እያየህ ከቀበርከው ያ ድምፅህ ለምንህ ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸው ዘንድ ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

በማግሥቱ ሱብሂ ሰግዶ ወጣ። ጉብታው ላይ ቆመ። ከሕጉ ይልቅ የፈራው ዝምታውን ነበር፤ ጠርቶ ማንም ባይወጣስ? ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ማረው ነው! የወፍጮው ማረው ነው!»

መጀመሪያ የአንድ ቤት በር ተከፈተ፤ ከዚያ የሌላው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወንዶች ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ፤ ወጣቶቹ ቃሬዛውን ከመስጊዱ ግቢ አወጡት። ሐጂ አብዱልወሀብ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ «ኢናሊላሂ! መቼ ሞተ?» አሉ።

«አልሞተም ሐጂ» አለ ኑርሁሴን። «ዛሬ ማታ ግን ሊጠፋ ነው። ከጠፋ ቀብሩን እንኳ አናገኘውም። ከሞተ በኋላ ብጠራችሁ ምን ታደርጉለታላችሁ? ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትበላላችሁ። እኔ በቁሙ ጠራኋችሁ። ሕጉን አፍርሻለሁ፤ አውፍ በሉኝ አልልም፤ ስንመለስ ቅጡኝ።»

አንዳንዱ ተቆጣ፤ በሞት ይቀለዳል ወይ ያለም ነበር። አንድ ሁለት ሰው ዶማውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቀረው ሐጂን ያያል፣ ሐጂ ደግሞ ጀላልን ያያሉ፤ ሱቁ የተዘረፈበት እሱ ነው፣ ወሬው ከማን አፍ እንደወጣም ሰፈሩ ያውቃል። ጀላል ፊቱ ጠቁሮ ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ሄደና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። ሩቅ ቀብር ሲሆን የሚያመላልሳቸውን አይሱዙ ጠርተው ተሳፈሩ።

ኬላው ላይ ወታደር አስቆማቸው። «ወዴት ናችሁ?»

«ሰዋችንን ልናመጣ» አሉ ሐጂ። በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁምና ያን ዕለትም አልዋሹም። ወታደሩ ቃሬዛውን አየና ኮፍያውን አውልቆ አሳለፋቸው። ሐረጎን ሲወርዱ መኪናው ላይ ኑርሁሴን አስናቀችን አያት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱም በበኩሉ ዱዓ ያዘ። ሁለቱም የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር።

ኮምቦልቻ ሙቀቷ ይታወቃል። ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ሰሌን አነጠፉ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተደርድረው ተቀመጡ። ባዶውን ቃሬዛ ከበሩ ሥር አኖሩት። ጠባቂዎቹ «ተነሡ፣ ሂዱ» አሉ። የሚነሣ ጠፋ። ጠባቂዎቹም ቢሆኑ የሰው ልጆች ናቸው፤ ባዶ ቃሬዛ ተራምዶ ማለፍ ማንም አልወደደም። የወጣው መግባት፣ የገባው መውጣት አቃተው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኃላፊው ራሱ መጣ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ።

ሐጂ አብዱልወሀብ ተነሡ። ትናንት የፈሩት ሰውዬ እኝህ ናቸው ቢባል ማን ያምናል። «ጌታው፣ እኛም እሱኑ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ማረው የሚባል የቅሬያችን ሰው በዚህ በር ገብቷል። በሕይወት ካለ ዋስ እንሆነዋለን፤ ጥፋት ካለበት ዳኛ ፊት ይቁም፣ እኛው እናቀርበዋለን። ከሞተም ስጡንና እንቅበረው። ዛሬ ወደማናውቀው ቦታ ይሄዳል የሚባለውን ግን ቅሬያችን አያውቀውም።»

«ለማን ሲፈጭ እንደነበር ታውቃላችሁ?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ጀላል ከኋላ። «ሱቄ የተዘረፈ ሰው ነኝ። ለነሱ ፈጨ ብዬ ሻይ ቤት ያወራሁት እኔ ነኝ። ያላወራሁትን ልንገርህ፤ ቤቴ ምንም ባልነበረበት ሰሞን ልጆቼ የበሉት የሱን ዱቄት ነው። ፊት ለፊቱ ጠመንጃ ተደቅኖ ነው የፈጨላቸው። እኔ ሱቄን አላስጣልኩም፤ እሱ ሞተሩን ያስጥል ነበር? ወላሂ፣ ከታሰረ እኔም ልታሰር።»

ኃላፊው ሁሉንም በዓይኑ ዞረ። «ማን ነው ዋስ የሚሆነው?» ሲል ሰሌኑ ላይ የነበረው ሁሉ ተነሣ። ሴቶቹም ተነሡ። ሰውየው ላቡን ጠረገ፤ ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲመለስ፣ «ያንን ቃሬዛ ከበሬ ላይ አንሡልኝ» አለ። በጎኑ ማረው ነበር፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ዱቄቱ ለቆት ጠይም ሆኗል። ቃሬዛውን ሲያይ ደነገጠ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«አንተ» አለው ኑርሁሴን፣ አቅፎት እያለቀሰ።

ከመጋዘኑ መስኮት ሌሎች ፊቶች ያዩ ነበር። ኑርሁሴን እነዚያን ፊቶች አልረሳቸውም፤ ሲመለሱ መኪናው ላይ ሰው ሁሉ ሲያወራ እሱ ዝም ያለው ስለነሱ ነው። ወሬው ግን ከነሱ ቀድሞ ደሴ ገብቶ ነበር። በማግሥቱ የሌላ ሰፈር ቅሬ ቃሬዛውን ይዞ ወረደ፤ ከዚያ ሌላው። የተፈታ አለ፤ ያልተፈታም አለ።

ቅሬው ቀብር ውሎ ሲመለስ ተቀምጦ ጉዳዩን ማየት ልማዱ ነው። ያን ጊዜም እንደዚያው ተቀመጠ። ሐጂ አብዱልወሀብ ኑርሁሴንን መረቁት፤ ብዙ መረቁት። ከምርቃቱ ቀጥለው፣ «ሕጉ ግን ሕግ ነው» አሉ። «ዛሬ ላንተ ብለን ብናፈርሰው፣ ነገ አንዱ ክፉ ሰው በሐሰት ቅሬ ያስወጣብናል። ዳግመኛ አትጮህም።»

ኑርሁሴን እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ከፋው። ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን ነገር ሲያስረክብ የማይከፋው ሰው የለም። «ማን ይጩህ ታዲያ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ጀላል፣ «ለማን ሲል ነው ድምፁን ያጣው? ማረው ይጩኻ!» አለ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ተስማማ።

ማረው መጀመሪያ ሲጠራ ሰፈሩ ጉድ አየ። «ቅሬ ውጣ»ን በዜማ አለው። ግማሹ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ የመዝሙር ጉባኤ የተጀመረ መስሎት ተገላበጠ። ኑርሁሴን ከደጁ ሆኖ «ከሆድህ አውጣው አንተ! ጌታህን እያመሰገንክ አይደለም፣ ሰው ሞቶብሃል!» እያለ አስተማረው። እየዋለ እያደረ ማረው ለመደ። ኑርሁሴን ግን ለረጅም ጊዜ ሰው በሞተ ቁጥር ሳያውቀው ከዘራውን ያነሣና በሩ ጋ ሲደርስ ይመለስ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ወይዘሮ ሳሊሃ ደከሙ። አስናቀች ከራስጌያቸው አልተለየችም። አንድ ንጋት ላይ ሸሃዳቸውን ብለው ጨረሱ፤ ሙስበሃው ከእጃቸው ወደቀ። አስናቀች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ኑርሁሴን የእናቱን ዓይን ከደነ። ከዚያ እንደ ጥንቱ ተነሣ፣ ጋቢውን ተከናነበ፣ ከዘራውን ያዘ። በሩን ሲከፍት ማረው ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ወዴት ነው?» አለው።

«ልጠራ ነዋ!»

ማረው ከዘራውን ከእጁ ወሰደበት። «አብሽር፣ እኔ አለሁ። አንተ ግባና ከእናትህ ጋር ተቀመጥ።»

ኑርሁሴን ገባ። መደቡ ላይ ተቀምጦ የእናቱን እግር ጭኑ ላይ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ከጉብታው ላይ ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ዜማው ዛሬም አልጠፋለትም። «ቅሬ ውጣ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የኑርሁሴን እናት ሳሊሃ ናቸው!» አለ። አንድ በር ተከፈተ፣ ሌላ በር ተከፈተ፣ ዶማ ከድንጋይ ሲጋጭ ተሰማ። ኑርሁሴን መዲናን አሰበና አለቀሰ። እንዲህ ተቀምጦ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነበር። የእናቱ እግር ገና አልቀዘቀዘም።